ቤት ውስጥ የሳንባ ቲቢ ሲገኝ፦ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ሳል ሳይጠብቅ ምን ያድርግ?

ባላችሁ፣ እህታችሁ ወይ አብሯችሁ የሚያድር ጓደኛ ጤና ጣቢያ ሄዶ «የሳንባ ቲቢ ነው» ተብሎ መጣ እንበል። እናንተ ደግሞ ኤችአይቪ በደማችሁ አለ። መድኃኒታችሁን ትወስዳላችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ አታስሉም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው መጠበቅ ነው። «ካሳለኝ እመረመራለሁ» ይላል። ለሌላው ሰው ይሄ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ ለእናንተ ግን አይሠራም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ለምርመራ የሚነሳው ሳል የጀመረው ቀን ሳይሆን ከታማሚ ጋር አንድ ቤት ውስጥ አየር ሲተነፍስ እንደከረመ ያወቀ ቀን ነው። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ምክንያቱ ከገባችሁ ቀሪውን ማንም ሳያስታውሳችሁ ታደርጉታላችሁ።

ሳንባ ውስጥ የሚሆነው

የቲቢ ባክቴሪያ በአየር ነው የሚመጣው። የታመመው ሰው ሲያስል ወይም ሲያወራ ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይወጣሉ፤ ቤቱ ዝግ ከሆነ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያሉ። ወደ ውስጥ ስትስቧቸው እስከ ሳንባ ጥግ፣ እስከ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳሉ። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ሥራቸው የመጣውን ባዕድ ነገር ውጦ መፍጨት ነው። የቲቢን ባክቴሪያም ይውጡታል፣ መፍጨቱ ላይ ግን ይቸገራሉ፤ ባክቴሪያው የሴሉ መፍጫ ክፍል እንዳይደርስበት ያግድና እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ይራባል። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በነዚህ ቀናት ማንም ሰው፣ ኤችአይቪ ይኑርበትም አይኑርበትም፣ ምንም አይሰማውም።

ቀጥሎ ባክቴሪያውን የተሸከሙ ሴሎች ሳንባ አጠገብ ወዳሉት የሊምፍ እጢዎች ይሄዱና እንግዳው መምጣቱን ያሳውቃሉ። ወሬውን የሚቀበሉት ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሲዲ4ን እንደ እድር ጡሩምባ ነፊ አስቡት። ብቻውን ድንኳን አይተክልም፣ ብቻውን ቀብር አይቆፍርም፤ እሱ ካልነፋ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ያድራል። ሲዲ4 ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፣ በዚያ የተቀሰቀሱት ማክሮፌጆች የዋጡትን መግደል ይጀምራሉ፣ ሌሎች ሴሎችም መጥተው ባክቴሪያውን ዙሪያውን ይዘጉበታል። ይህ ሁሉ ቅስቀሳ ከተጋለጣችሁበት ጊዜ ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ከተሳካ ባክቴሪያው ባይሞት እንኳ ታጥሮ ይቀመጣል፤ ድብቅ ቲቢ የምንለው ይሄ ነው። ኤችአይቪ ከሌለባቸውና ባክቴሪያው ከገባባቸው 100 ሰዎች መካከል በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው።

አሁን ኤችአይቪን አስገቡበት።

ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4ን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሲዲ4 ሁሉ እኩል እንደማይጎዳ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤችአይቪ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ቀድመው ከሚመናመኑት መካከል የቲቢን ባክቴሪያ ለይተው የሚያውቁት ሲዲ4 ሴሎች ይገኛሉ። ማለትም አጠቃላይ የሲዲ4 ቁጥራችሁ ገና 500 ወይም 600 እያለ፣ ወረቀቱ ላይ «ጥሩ ነው» ተብሎ እያለ፣ ለቲቢ የሚነፋው ሰው ግን ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ማላዊ ላይ ደግሞ ምንም ሕመም ከሌላቸው ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ተወስዶ ሲመረመር፣ ቲቢን የሚያውቁት ሴሎች ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። ቫይረሱ ማክሮፌጆቹንም ይይዛል። ባክቴሪያ የዋጠ ማክሮፌጅ አንዳንዴ ራሱን ገድሎ ባክቴሪያውንም ይዞት ይሄዳል፣ ኤችአይቪ ግን ይህን ራስን የመሠዋት ሥራም ያዳክመዋል።

በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ነገሩን በሰው ሕይወት አሳይቶታል። ኤችአይቪ በያዛቸው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብቻ በቲቢ የመታመማቸው ዕድል በእጥፍ ጨመረ። የመጀመሪያው ዓመት! ያኔ ገና ብዙዎቹ የከሱ፣ የደከሙ፣ «ኤድስ ያለበት» የሚመስሉ አልነበሩም።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት (ኤአርቲ) ይህን ይመልሰዋል ወይ? በብዛት አዎ። ኤአርቲ ብቻውን በቲቢ የመታመምን ዕድል ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል። ሙሉ በሙሉ ግን ኤችአይቪ ከሌለበት ሰው ጋር እኩል አያደርገውም። «ቫይራል ሎዴ (በደሜ ያለው የቫይረስ መጠን) አይታይም ተብያለሁ፣ ስለዚህ ቲቢ አይነካኝም» የሚል ሰው ካለ ግማሹን ነው ያወቀው።

ስለዚህ ምርመራውም ዝም ሊል ይችላል

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉት፤ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነው።

ከቲቢ የምናያቸው ብዙዎቹ ምልክቶች ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር ሲታገል የሚፈጥራቸው ናቸው። ክንድ ላይ ተወግቶ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ የሚለካው የቆዳ ምርመራ የሚያብጠው ሲዲ4 ስለተቆጣ ነው፤ ሲዲ4 ከሌለ ባክቴሪያው ውስጥ እያለም ክንዱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሳንባን ቦርቡሮ ራጅ ላይ ጉድጓድ ሆኖ የሚታየው ቁስልም በአብዛኛው የሰውነት የራሱ ቁጣ ውጤት ነው። ያ ጉድጓድ ነው አክታ ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ የሚያፈሰው። የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ጉድጓዱ ላይኖረው ይችላል። ራጁ ንጹሕ፣ በማይክሮስኮፕ የታየው አክታ ኔጋቲቭ፣ ሳሉ ቀላል፣ ደም የሚባል ነገር የለም፣ ሰውየው ግን በቲቢ ታሟል። አንዳንዴም ቲቢው ከሳንባ ወጥቶ የአንገት እጢ ላይ፣ ሆድ ውስጥ፣ የሳንባ ሽፋን ላይ ወይም ጭንቅላት ላይ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ምርመራ ኔጋቲቭ መጣ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ሐኪሙ «ትንሽ ቆይተን እንደገና እንይ» ካላችሁ እያመላለሳችሁ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ ነው።

መጀመሪያ ከታመመው ሰው የምትሰሙት

ጤና ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት የታመመውን ሰው በደንብ ጠይቁት። ቲቢው የሳንባ ነው ወይስ የእጢ? የእጢ ብቻ ከሆነ በአየር አያስተላልፍም፣ ትንሽ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። አክታው ላይ ባክቴሪያ ታይቷል ወይ? ማሳል የጀመረው መቼ ነው? ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ለሐኪሙ «2 ሳምንት» ብሎ ቤት ውስጥ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ሲያስል የከረመ አለ። እናንተ አብራችሁ ስለኖራችሁ ራሳችሁ አስታውሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተብሎ እንደሆነ አጣሩ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ይናገራል፣ ስለዚህ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ላይ አለ። መድኃኒት የተላመደ ከሆነ እናንተ የምትወስዱት የቲቢ መከላከያ መድኃኒትም ይቀየራል፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቀጠሮ አትጠብቁ

አገራችን ውስጥ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይዘው ይሄዳሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ወረፋውም፣ ከሥራ መቅረቱም፣ የታክሲውም ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን 6 ወር ሙሉ ማንም ሰው «ታስላለህ? ከስተሻል?» ብሎ አይጠይቃችሁም ማለት ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከ4 ወር በኋላ ከሆነ 4 ወር አትጠብቁ። በዚያው ሳምንት ኤአርቲ ክሊኒካችሁ ሂዱ። ካርድ ክፍል «ቀጠሮህ ገና ነው» ልትባሉ ትችላላችሁ። መልሱ አጭር ነው፦ «ከቲቢ ታማሚ ጋር ንክኪ አለኝ።» ይህን የሰማ ነርስ ቀጠሮ አይቆጥርባችሁም፤ ከቆጠረም ኃላፊውን ጠይቁ። ኤአርቲውም፣ የቲቢ ሕክምናውም፣ መከላከያውም በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው።

አሁን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ የማያወራው ጉዳይ። ቤተሰቡ ስለ ኤችአይቪያችሁ ባያውቅስ? አንድ ሰው ቲቢ ሲገኝበት የጤና ባለሙያዎች አብረውት የሚኖሩትን በሙሉ መዝግበው ይመረምራሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቤት ልትመጣ ትችላለች። አማታችሁ ሳሎን ተቀምጣ ቡና እየጠጣች ኤችአይቪ አለብሽ ወይ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? እዚያ መናገር የለባችሁም። ቤት ውስጥ ለሚመጣው ሰው እንደማንኛውም የቤተሰብ አባል ተመዝገቡ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ወደ ራሳችሁ ኤአርቲ ክሊኒክ ሂዱና እዚያ ሁሉንም ተናገሩ። ዋናው ነገር ኤችአይቪ እንዳለባችሁ የሚያውቀው ሐኪም ቲቢ ቤታችሁ መግባቱንም እንዲያውቅ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል፤ ለምሳሌ «2 ሳምንት ካሳለህ ና» ትባላላችሁ። ያ መመዘኛ ለእናንተ አይደለም።

አራቱ ጥያቄዎች

ክሊኒክ ውስጥ የምትጠየቁት ስለ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ነው። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ሳል ቢባል የ1 ቀንም ሳል ይቆጠራል። የሌሊት ላብ ሲባልም በክረምት ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ማላብ ሳይሆን ፒጃማውን ወይ አንሶላውን የሚያረጥብ ላብ ነው። ክብደት ላይ ሚዛን ባይኖራችሁ ቀበቶና ቀሚስ ይናገራል።

ከአራቱ አንዱ እንኳ ካለ «አዎ» በሉ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ያስላል፣ ብርድ ነው፤ ጎኑን ይወጋዋል፣ ብርድ መትቶት ነው፤ ያተኩሰዋል፣ ምች ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይበላል፣ አንድ ወር ይሄዳል። ዳማከሴውን አትተዉት፣ ግን እግረ መንገዳችሁን አክታ ስጡ። ሌላም ሰው የሚደብቅበት ምክንያት አለ፤ «አዎ ካልኩ ለይተው ያስቀምጡኛል፣ ሥራ እቀራለሁ» የሚል ፍርሃት። የሚገባ ፍርሃት ነው። ይሁንና ምልክት እያለ ተደብቆ የመከላከያ መድኃኒት መውሰድ የከፋ ነገር ያመጣል፦ የነቃ ቲቢ ባለበት ሰው ላይ መከላከያው አነስተኛ ሕክምና ይሆንበትና ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል።

አንገት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ የማይጠፋ እብጠት ካለም ሳትጠየቁ አሳዩ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መምታታት ካለ ደግሞ የክሊኒክ ወረፋ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አክታ አሰጣጥና ሌሎች ምርመራዎች

ምልክት ካለ አክታ ትጠየቃላችሁ። የብዙ ሰው አክታ ምራቅ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሳችሁ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ፣ ወደ ደጅ ውጡ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱና ከደረታችሁ ሥር አስላችሁ የመጣውን ወፈር ያለውን ዕቃው ውስጥ ትፉ። ደጅ የምላችሁ ሌላው ሰው እንዳይተነፍሰው ነው። አክታ አልወጣ ካለ «የለኝም» ብላችሁ አትመለሱ፣ ተናገሩ።

ናሙናው ለጂን ኤክስፐርት ይላካል፤ ከተራ ማይክሮስኮፕ በላይ ይይዛል፣ ትንሽ ባክቴሪያ ላላቸው ለእናንተ ዓይነት ሰዎች የሚሻለውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ራሱ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፣ ናሙናው የሚጓዝበት መንገድ ነው ቀናት የሚበላው። ሲዲ4 በጣም ለወረደበትና ለደከመ ሰው ደግሞ የሽንት ምርመራ አለ፣ ላም ይባላል፤ የባክቴሪያውን ስብርባሪ ሽንት ውስጥ ይፈልጋል፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሲዲ4ው ዝቅ ባለ ቁጥር የበለጠ ይሠራል። አክታ ማውጣት ላቃተው ሰው ይህን ምርመራ ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ምልክት ከሌለ፦ መከላከያው

ምንም ምልክት የለም፣ ምርመራውም ንጹሕ ነው እንበል። ሰው «ተመስገን» ብሎ ቤቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ገና ግማሹ ነው። ባክቴሪያው ከገባ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው የመታመም ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው። ስለዚህ አጥሩ በደንብ ሳይገነባ በፊት መድኃኒት ቀድሞ ይገባል። ኤችአይቪ ላለበትና ንክኪ ላለው ሰው መከላከያው የቆዳ ምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ ይሰጣል። ኮትዲቯር ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ኤአርቲን ቀደም ብሎ መጀመርም ሆነ 6 ወር አይሶናያዚድ የሚባለውን የቲቢ መከላከያ መድኃኒት መውሰድ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከባድ ሕመምን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን በብዛት የሚሰጠው 3ኤችፒ የሚባለው ነው። ሪፋፔንቲንና አይሶናያዚድ በሳምንት 1 ቀን፣ ለ12 ሳምንት። ከዚህ በፊት የነበረው አይሶናያዚድ በየቀኑ ለ6 ወር ነው፣ ዛሬም ለሚስማማው ሰው ይሰጣል። እኔ ምርጫ ካለ ሳምንታዊውን እመርጣለሁ፤ 6 ወር ሙሉ ሳይታመሙ መድኃኒት መዋጥ ለሰው ልጅ ከባድ ነው፣ በተለይ ሌላ የዕለት መድኃኒት እያለ። ሳምንታዊውን ከምግብ ጋር ውሰዱት፣ ቀኑን ከማይረሳ ነገር ጋር እሰሩት፦ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ፣ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ።

የሚያጋጥማችሁን አስቀድማችሁ እወቁ። ሽንት፣ እንባና ላብ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። ደም አይደለም፣ አትደንግጡ፤ ነጭ ሸሚዝ ግን ይበላሽባችኋል። ሳምንታዊውን በወሰዳችሁ ማግስት እንደ ጉንፋን የሚያደርገው ሰው አለ። ከበድ ካለ ወይም ካዞራችሁ ተናገሩ። ጉበት ነው ዋናው የሚጠበቀው፦ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ፈጽሞ ካስጠላ፣ ማስታወክ ካላቆመ ወይ ቀኝ ጎን ከጎድን ሥር ካመማችሁ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። አረቄ፣ ጠጅ፣ ቢራ በዚህ ወቅት ይቅር። «ትንሽ» የሚባለው ልክ በእኛ አገር ስለማይታወቅ ነው እንዲህ የምለው። እጅና እግር ላይ መደንዘዝ ወይ መውጋት ከመጣ የቫይታሚን ቢ6 ጉዳይ ነው፤ ከአይሶናያዚድ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት፣ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ሴቶች ስሙኝ። ሪፋፔንቲንም ሆነ ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችን ያዳክማሉ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም አስተማማኝነቱን ይቀንሱታል። በክንድ የሚቀበረውን «3 ዓመት ያገለግላል» ተብላችሁ ረስታችሁት ሊሆን ይችላል፤ የቲቢ መከላከያው ሲጀመር አንሱት ማለት አይደለም፣ ግን ኮንዶም ጨምሩ ወይም ስለ ሉፕና ስለ ዲፖ ተነጋገሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልትሆኑ ትችላላችሁ ብላችሁ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሳምንታዊው ለእርጉዝ አይመረጥም።

የምትወስዱት የኤችአይቪ መድኃኒት ምን እንደሆነ በስሙ እወቁ። አብዛኛው ሰው አሁን ዶሉቴግራቪር ያለበትን በቀን አንድ የሚዋጠውን ነው የሚወስደው፤ ከሳምንታዊው መከላከያ ጋር አዋቂ ሰው መጠኑን አይለውጥም። አታዛናቪር ወይም ሎፒናቪር ላይ ያለ ሰው ግን ሳምንታዊው አይስማማውም፣ ለእሱ አይሶናያዚዱ ነው። የታመመው ሰው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ካለበት ደግሞ እነዚህ ሁሉ ብዙም አይጠቅሙም። ለእንደዚህ ዓይነት ንክኪ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ሌቮፍሎክሳሲን ለ6 ወር እንዲሰጥ መክሯል፤ ይህን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው።

ቲቢ ከተገኘ

ሕክምናው ለተለመደው ቲቢ 6 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት። አስፈላጊው ነገር የቲቢ ክፍሉና ኤአርቲ ክፍሉ እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነውም ላይነጋገሩ ይችላሉ። ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ከደም ውስጥ ቶሎ ስለሚያስወጣው በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል፣ ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላም ለ2 ሳምንት እንዲሁ ይቀጥላል። ማታ የምትወስዱት ተጨማሪ ፍሬ ካልተሰጣችሁ ራሳችሁ አንሱት።

ኤአርቲ ገና ያልጀመረ ሰው የቲቢውን በጀመረ በ2 ሳምንት ውስጥ ኤአርቲውን ይጀምራል፤ ጭንቅላት ላይ ያለ ቲቢ ሲሆን ብቻ ይዘገያል። ከዚያ የሚገርም ነገር ይመጣል። መድኃኒት ጀምሮ ደህና መሆን የጀመረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ድንገት ይብስበታል፣ ያተኩሰዋል፣ እጢው ያብጣል። ሰው «መድኃኒቱ ገደለኝ» ብሎ ያቆመዋል፣ ጠበል የሚገባም አለ። የሆነው ግን ሲዲ4ው ተመልሶ፣ ከዚህ በፊት ዝም ያለውን ባክቴሪያ አሁን አይቶ መቆጣቱ ነው። ወደ ሐኪሙ ይኬዳል እንጂ መድኃኒት አይቆምም። ጠበልም ከተፈለገ መድኃኒቱን ይዞ መሄድ ይቻላል፣ በጠበሉ ውኃ ራሱ ቢዋጥ ማን ይከለክላል። የጠበል ቦታው ማደሪያ ግን ጠባብና የታፈነ ከሆነ የሚያስል ሰው እዚያ አይደር።

ቤት ውስጥ

ሰሃን መለየት፣ ብርጭቆ መለየት፣ የታመመውን ብቻውን ማብላት ምንም አይጠቅምም። ቲቢ በሰሃን አይተላለፍም፣ የሚያተርፈው ሰውየውን ማሳዘን ነው። የሚጠቅመው መስኮት ነው። ቀን በሙሉ ክፈቱት፣ ፀሐይ ይግባ። የሚቻል ከሆነ የታመመው ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለብቻው ክፍል ይደር፤ አንድ ክፍል ቤት ከሆነ እሱ መስኮቱ ወይም በሩ አጠገብ ይተኛ። ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ ማስክ ያድርግ። መድኃኒቱ ከሠራለት ማስተላለፉ ቶሎ ይቀንሳል።

ሚኒባስ ላይም ያው ነው። «መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። እኔ እንደሆንኩ ከተሳፋሪው ጋር እጣላለሁ እንጂ አልዘጋም።

ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ኤችአይቪ ይኑርበት አይኑርበት፣ እሱም አብሮ ይመርመር፤ ሕፃን ልጅም እንደ እናንተ ቶሎ የሚጋለጥ ነው፣ ቲቢ ከሌለበት መከላከያ ያገኛል። ልጅ ላይ ምልክቱ ክብደት አለመጨመር ሊሆን ስለሚችል የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክብደቱ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ

መከላከያውን ጨረሳችሁ ማለት ቲቢ ዳግም አይመጣም ማለት አይደለም። ያለቀው ያን ጊዜ የገባው ነው። በቀጣዮቹ 2 ዓመታት አራቱን ጥያቄዎች በየወሩ ለራሳችሁ ጠይቁ፣ የ6 ወር ኤአርቲ በአንዴ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በተለይ። ኤአርቲ ካርዳችሁ ላይ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን መጻፉን አረጋግጡ፤ ክሊኒክ ብትቀይሩ ወይ ክልል ብትዛወሩ አዲሱ ሐኪም የሚያምነው ያንን ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ጎናችሁ የሚቀመጠው ወይ ማደሪያ የምትጋሩት፣ የሳንባ ቲቢ ተገኘበት ከተባለ «እኔ ወስጃለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ተመልሳችሁ ሂዱ፤ እንደገና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል።